ደብረ ብርሃን ተኝቶ ደብረ ሲና የማይነቃ ላፕቶፕ

ደብረ ብርሃን ላይ ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል፣ ሲከፈት ይነቃል። ደብረ ሲና ላይ ክዳኑ ሲከፈት ግን ስክሪኑ ጥቁር ነው። ቁልፍ ቢጫኑ፣ ማውዝ ቢያንቀሳቅሱ መልስ የለም። ያለው አማራጭ ፓወሩን ተጭኖ በግድ ማጥፋትና እንደገና ማስነሳት ነው። ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ካለ አብሮ ይሄዳል። ሁልጊዜ ቢሆን እኮ አንድ ነገር ነበር። አንዳንዴ ነው።

የላፕቶፑ ባለቤት የማውቃት መምህርት ናት። የምታስተምረው ደብረ ሲና ነው፤ ቤተሰቦቿ ደብረ ብርሃን ናቸው። ላፕቶፑ ላይ የተጫነው ሊኑክስ ነው፤ እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ስርዓት። ለሁለት ባለሙያዎች አሳይታዋለች። አንደኛው «ሙቀቱ ነው» አላት። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ብርድ ተነስቶ፣ ጣርማበርን አልፎ ወደ ታች ሲወርድ ዕቃው አይችለውም ባይ ነው። ሁለተኛው «ፎርማት ይደረግ» አለ። እኛ አገር ፎርማት የማያድነው በሽታ የለም።

«ጋሼ፣ ፎርማት ላስደርገው ወይስ ልሽጠው?»

«ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ የት ላይ እንደሚወድቅ እንየው።»

ይህን ለማየት ክዳኑ ሲዘጋ ውስጥ ምን እንደሚከናወን ማወቅ ያስፈልጋል። ከውጭ ሲታይ መብራት እንደማጥፋት ነው። ከውስጥ ግን ረጅም ሰልፍ አለ። ሰልፉን የሚመራው ከርነሉ ነው፤ ማለትም በፕሮግራሞቹና በዕቃዎቹ መካከል የተቀመጠው የስርዓቱ እምብርት።

ከርነሉ በመጀመሪያ ዲስክ ላይ ያልተጻፈ ነገር ካለ እንዲጻፍ ያደርጋል። ቀጥሎ ፕሮግራሞቹን ሁሉ ባሉበት ያግዳቸዋል። ብሮውዘሩ፣ ሙዚቃው፣ የተከፈተው ሰነድ፣ ሁሉም እንደቆመ ይቀራል። ለዚህ የተሰጠው ጊዜ 20 ሰከንድ ነው። በዚያ ውስጥ አልታገድም ያለ ካለ እንቅልፉ ይሰረዛል። ከዚያ ተራው የዕቃዎቹ ነው፦ ዋይፋይ፣ ካሜራ፣ ታችፓድ፣ ግራፊክስ፣ ዲስክ፣ የዩኤስቢ ወደቦች። እያንዳንዱ ድራይቨር፣ ማለትም አንድን ዕቃ የሚያሠራው ፕሮግራም፣ «ዕቃህን አስተኛ» ይባላል። ይህም በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ በተለያየ ዙር ይመለስበታል። ቅደም ተከተልም አለው። ዩኤስቢ ላይ የተሰካው ማውዝ ሳይተኛ የዩኤስቢ ተቆጣጣሪው መተኛት አይችልም። በመጨረሻ፣ ጥልቁ በሚባለው የእንቅልፍ ዓይነት፣ የፕሮሰሰሩ ኮሮች ከአንዱ በቀር ይጠፋሉ። የቀረው አንዱ ማሽኑን ያስተኛዋል።

የመጨረሻው እርምጃ እንደ ላፕቶፑ ይለያያል። በጥልቁ እንቅልፍ፣ ኤስ3 በሚባለው፣ ራሙ ብቻ ኤሌክትሪክ እያገኘ ሌላው ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ማሽኑን የሚያስተኛውና የሚቀሰቅሰውም የአምራቹ ፈርምዌር ነው፤ ማለትም ላፕቶፑ ውስጥ አብሮ የሚመጣው፣ ባዮስ የሚባለው ፕሮግራም። በሌላኛው፣ ኤስ2አይድል በሚባለው፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ዕቃዎቹም በየራሳቸው ኃይል ይቆጥባሉ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ይህን ሁለተኛውን ብቻ ነው የሚያውቁት። እዚያ ላይ አንድ ዕቃ በደንብ ካልተኛ ባትሪው ዝም ብሎ ያልቃል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ «ሲስ» ሥር ባለው «ፓወር» በሚባለው ፎልደር ውስጥ «ሜም ስሊፕ» የሚለውን ፋይል ክፈቱ። በማዕዘን ቅንፍ የታጠረው አሁን የተመረጠው ነው።

መንቃት ደግሞ ያው ሰልፍ በተቃራኒው ነው። እንግዲህ በመሄጃውም በመመለሻውም አንድ ድራይቨር ቢያደናቅፍ ሁሉም ይቆማል። ከውጭ የሚታየው ያው ጥቁር ስክሪን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ሎጉን፣ ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ አንብበው» ይላል። ትክክል ነው፤ የመጀመሪያው ሥራ እሱ ነው። ችግሩ ግን ሎጉን ዲስክ ላይ የሚጽፈው ፕሮግራምም እንደ ሌሎቹ መታገዱ ነው። ከታገደ በኋላ የተፈጸመው ሁሉ ራም ላይ ብቻ ይቀመጣል። በግድ ሲጠፋ ራሙ ይጸዳል፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ዲስኩ ራሱ ከሚተኙት ዕቃዎች አንዱ ስለሆነ መጻፊያም የለም። ስለዚህ ሎጉ «እንቅልፍ ተጀመረ» ብሎ ጸጥ ይላል። ቀጥሎ የምታገኙት የአዲሱን ቡት፣ ማለትም ማሽኑ እንደገና የተነሳበትን፣ መስመር ነው።

ያቺ አንዲት መስመር ግን ሰዓት አላት። የመምህርቷን የቀድሞ ቡት ሎግ ስናየው፣ በከሸፈባት ሰኞ «እንቅልፍ ተጀመረ» የሚለው የተጻፈው በጠዋት ነው፤ ገና ቤቷ ሳለች። «እንቅልፍ አበቃ» የሚል የለም።

«መንገድ ላይ ቦርሳሽ ሞቆ ነበር?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ሞቆ ነበር! እንዲያውም ጣርማበር ላይ ብርድ ስለነበር አቅፌው ነው የሄድኩት።»

በደንብ የተኛ ላፕቶፕ አይሞቅም። የሞቀው በመተኛት ላይ እያለ ስታክ ስላደረገ ነው። ፕሮሰሰሩ ሳይጠፋ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ፣ በቦርሳ ውስጥ ቀረ። ስለዚህ ደብረ ሲና የተገኘው ሬሳው ነው፤ የሞተው ደብረ ብርሃን ነው። ሙቀቱም ውጤት እንጂ ምክንያት አልነበረም። የባለሙያውን ግምት አልንቅም፤ የዓይን ምስክር አለው። ነገር ግን አንድ ነገር የታየበት ቦታና የደረሰበት ቦታ ይለያያሉ፤ በእንቅልፍ ጉዳይ ደግሞ በተለይ።

እግረ መንገዴን፣ ጥቁር ስክሪን ሁሉ ሞት አይደለም። ካፕስ ሎክን ተጫኑ። መብራቱ በርቶ ከጠፋ ከርነሉ በሕይወት አለ፤ ያልነቃው ስክሪኑ ነው። ያኔ ጥርጣሬው ወደ ግራፊክስ ድራይቨሩ ያዘነብላል። ሌላም ዓይነት ብልሽት አለ፦ እንቅልፉ ተሰርዞ ማሽኑ ጨርሶ ሳይተኛ መቅረት። ይሄኛው እንኳን ቀላሉ ነው። ማሽኑ በሕይወት ስላለ «ሰስፔንድ ስታትስ» የሚባለው የከርነሉ መዝገብ የትኛው ዕቃ፣ በየትኛው እርምጃ ላይ እምቢ እንዳለ ይነግራችኋል።

የመምህርቷ ግን ከባዱ ነው፤ ጨርሶ ስታክ ያደርጋል። ለዚህ ከርነሉ ውስጥ ሁለት ጥሩ መሣሪያዎች አሉ፤ ከርነሉ ሲዘጋጅ አማራጫቸው ተከፍቶ ከሆነ ማለት ነው።

አንደኛው «ፒኤም ቴስት» ይባላል። ሰልፉን እስከምትፈልጉት እርምጃ ድረስ ብቻ አስኬዱት፣ 5 ሰከንድ ጠብቆ ራሱ ይመለሳል። «ፍሪዘር» ካላችሁት ፕሮግራሞችን አግዶ ይመለሳል። «ዲቫይስስ» ካላችሁት ዕቃዎቹንም ጨምሮ ያስተኛል። ከዚያ «ፕላትፎርም»፣ «ፕሮሰሰርስ»፣ «ኮር» እያለ ይቀጥላል። እኛ ዘንድ «ፍሪዘር» በተደጋጋሚ አለፈ። «ዲቫይስስ» ላይ አንዳንዴ ቀረ። እንግዲህ ፈርምዌሩ፣ ማለትም የአምራቹ ባዮስ፣ ከደሙ ንጹሕ ሳይሆን አይቀርም፤ ማሽኑን የማስተኛት ተራው ገና አልደረሰም ነበር። ባዮስ ለማደስ የሚጣደፍ ሰው መጀመሪያ ይህን ቢያደርግ ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ሁለተኛውን የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ነው የጻፈው፤ «ፒኤም ትሬስ» ይባላል። ዲስክም ራምም በማይታመንበት ሰዓት ማስረጃ የት ይቀመጥ? ላፕቶፑ ውስጥ ጠፍቶም የማይቆም አንድ ነገር አለ፦ ሰዓቱ። ቶርቫልድስ እዚያው ላይ ለመጻፍ ወሰነ። ከርነሉ እያንዳንዱን ዕቃ ሲነካ አጭር ምልክት ሰዓቱ ላይ ይጽፋል። ስታክ ሲያደርግ የመጨረሻው ምልክት ሰዓቱ ላይ ይቀራል። ሪስታርት ስታደርጉ ከርነሉ ምልክቱን አንብቦ ከየትኛው ዕቃ ጋር እንደሚገጥም ይናገራል። ቶሎ ሪስታርት ማድረግ ነው፤ ሰዓቱ መቁጠሩን ስለማያቆም ምልክቱ ይበላሻል። ቀንና ሰዓታችሁ ፍጹም የተዘበራረቀ ሆኖ ስታገኙትም አትደንግጡ። ምልክቱ አጭር ስለሆነ አንዳንዴ ከአንድ በላይ ዕቃ ይገጥመዋል፤ እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ፍርድ አትውሰዱት። በእኛ ጉዳይ ጥቆማው የዋይፋይ ካርዱን አመለከተ።

ግን ለምን አንዳንዴ? ለምን ማታ ማታ ቤቷ ሲዘጋ ደህና ሆኖ ሰኞ ጠዋት?

ማታ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቻርጀሩ ተሰክቷል። ሰኞ ጠዋት ግን መጀመሪያ ቻርጀሩ ተነቅሎ ቦርሳ ይገባል፣ ከዚያ ነው ክዳኑ የሚዘጋው። ልዩነቱ ይኸው ነው። ብዙ ላፕቶፖች ላይ እንደ ቲኤልፒ ያለ ኃይል ቆጣቢ ፕሮግራም ይጫናል። ይህ ፕሮግራም በቻርጀር ጊዜ ዕቃዎቹን ይለቃቸዋል። በባትሪ ጊዜ ሥራ የፈታውን ዕቃ ማሽኑ ሳይተኛም በግሉ ያስተኛዋል። ስለዚህ በባትሪ ላይ የእንቅልፉ ትዕዛዝ ሲመጣ የዋይፋይ ካርዱ ቀድሞ ተኝቶ ሊገኝ ይችላል። ድራይቨሩ የተኛውን ካርድ ቀስቅሶ፣ ሥራውን አስጨርሶ፣ መልሶ ማስተኛት አለበት። በዚህ መሃል ከርነሉ ብዙ ዕቃዎችን ጎን ለጎን ነው የሚያስተኛው። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ ሌላው ደግሞ አንዱን። ማን ቀደመ የሚለው በሚሊ ሰከንድ የሚወሰን ነው። ካርዱ በዚያች ቅጽበት ንቁ ከሆነ ሰላም። ተኝቶ ከሆነ፣ የሌላውም ዕቃ መዘግየት ከተጨመረበት፣ እንደተጠባበቁ መቅረት ነው። «አንዳንዴ» የሚባለው ነገር እንዲህ ያለ እሽቅድምድም ነው፤ አጋጣሚ ይመስላል እንጂ ሁኔታ አለው።

ስለዚህ አንዳንዴ የሚመጣን ብልሽት ለመያዝ የሚበጀው መጠበቅ አይደለም። ሁኔታውን ፈልጎ ቶሎ ቶሎ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ክዳን እየከፈቱ እየዘጉ መዋል አያስፈልግም። «አርቲሲዌክ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ላፕቶፑን አስተኝቶ ከተባለው ሰከንድ በኋላ በሰዓቱ ይቀሰቅሰዋል። 30 ሰከንድ ተኛ፣ ንቃ፣ ጥቂት ቆይ፣ ድገም የሚል አጭር ስክሪፕት ጽፋችሁ ልቀቁት። ቻርጀር ነቅላችሁ አንድ ዙር፣ ሰክታችሁ ሌላ ዙር። ውጤቱን ጻፉት። «ብዙ ጊዜ ይመስለኛል» ከሚል ትዝታ ይልቅ «በባትሪ ከ10 አንድ ጊዜ ይከሽፋል» የሚል ቁጥር ብዙ ይሠራል። መብራት የሚሄድበት ቀን ካጋጠማችሁ ደግሞ ያው ለባትሪው ዙር ይጠቅማችኋል።

ሌላም ጥያቄ አለ፦ ድሮም እንዲህ ነበር? መምህርቷ «አፕዴት ካደረግኩ ወዲህ ነው» አለች። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ቡት ሲያደርግ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የቀድሞውን ከርነል መርጦ ያንኑ ስክሪፕት ማስኬድ ይቻላል። የቀድሞው የማይከሽፍ ከሆነ በሁለቱ መካከል አንድ ሰው አንድ ነገር ቀይሯል ማለት ነው። የቀረው የትኛው ለውጥ እንደሆነ ማግኘት ነው።

አዲስ የሊኑክስ ከርነል በየ9 ወይም በየ10 ሳምንቱ ይወጣል። አንዱ እትም ከ10,000 በላይ ለውጦችን ይይዛል። ያን ሁሉ ማንበብ የማይታሰብ ነው። ማንበብም አያስፈልግም። ሸዋ ሮቢት መስኖ ያለው ገበሬ ውሃው ማሳው ካልደረሰ ቦዩን ከምንጩ ጀምሮ በየእርምጃው አይቆፍርም። መሃሉ ላይ ሄዶ ያያል። እዚያ ውሃ ካለ የተሰበረው ከታች ነው፤ ከሌለ ከላይ። ከዚያ የቀረውን እንደገና ለሁለት ይከፍላል። «ጊት ባይሴክት» የሚባለው ትእዛዝም በከርነሉ ታሪክ ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። መሃል ላይ ያለውን ለውጥ ያወጣላችኋል። ኮምፓይል አድርጋችሁ (ከምንጭ ኮዱ ከርነሉን ሠርታችሁ)፣ ቡት አድርጋችሁ፣ ትፈትኑና «ደህና» ወይም «ብልሹ» ትሉታላችሁ። 16,000 ለውጥ ቢኖር እንኳ 14 ዙር ይበቃል።

ብልሽቱ «አንዳንዴ» ሲሆን ግን ጉድጓዱ እዚህ ነው፤ ብዙ ሰውም እዚህ ነው የሚወድቅበት። «ብልሹ» ለማለት አንድ ክሽፈት ይበቃል፤ ያው ክሽፈት መሆኑን ካረጋገጣችሁ። «ደህና» ለማለት ግን አንድ ስኬት ምንም አይደለም። ስሌቱን ተመልከቱት። ከ10 አንድ ጊዜ የሚከሽፍ ከርነል አንዱን ሙከራ የማለፍ ዕድሉ 90 በመቶ ነው። 10 ጊዜ ብትሞክሩት አንድም ጊዜ ሳይከሽፍ የማለፍ ዕድሉ 35 በመቶ ገደማ ነው። ይገርማል፤ «10 ጊዜ ሞከርኩት፣ ደህና ነው» ያለ ሰው ከሦስት አንዴ ይሳሳታል። 30 ጊዜ ስትሞክሩት 4 በመቶ ግድም ይሆናል። 44 ጊዜ ስትደርሱ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል።

4 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ባይሴክት ብዙ ዙር አለው፤ ስህተቱም አይታረምም። አንድ ጊዜ ብልሹውን «ደህና» ካላችሁት፣ ከዚያ በኋላ የምትፈልጉት በተሳሳተው ግማሽ ውስጥ ነው። ከ14ቱ ዙር ግማሾቹ ብልሹ ከርነል ላይ ቢያርፉ፣ በእያንዳንዱ 30 ሙከራ ብቻ እያደረጋችሁ ቢያንስ አንዴ የመሳሳት ዕድላችሁ ከ4 አንድ ይሆናል። 60 ሙከራ ካደረጋችሁ ወደ 1 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስክሪፕቱ ስለሚያስኬደው ልዩነቱ ለእናንተ አንድ ቡና ነው። ለዚህ ነው ከመጀመሩ በፊት ክሽፈቱን ቶሎ ቶሎ እንዲመጣ ማድረግ የሚያዋጣው። ከ10 አንድ የነበረውን ከ3 አንድ ካደረጋችሁት፣ 12 ሙከራ የ44ቱን ሥራ ይሠራል።

ኮምፓይል ማድረጉስ? እውነት ለመናገር አሰልቺው እሱ ነው። ሙሉውን ከርነል ደካማ ላፕቶፕ ላይ መሥራት ሰዓታት ይፈጃል። «ሎካልሞድኮንፊግ» የሚባለው አማራጭ ግን አሁን በሥራ ላይ ያሉትን ሞጁሎች፣ ማለትም ተነጥለው የሚጫኑ የከርነሉን ክፍሎች፣ ብቻ መርጦ ይሠራል፤ ጊዜውን በጣም ያሳጥረዋል። የዋይፋይ ካርዱ ሞጁል በዚያ ሰዓት መጫኑን አረጋግጡ። አለዚያ የምትፈልጉት ጥፋተኛ የሌለበት ከርነል ትሠሩና ሁሉም «ደህና» ይሆንባችኋል።

በመጨረሻ የተገኘውን ለውጥ ዝም ብላችሁ አትመኑት። ያንን አንድ ለውጥ ብቻ ከአዲሱ ከርነል ላይ አንሱት፤ ያንኑ የባትሪ ዙር እንደገና አስኪዱ። ክሽፈቱ ከጠፋ ተይዟል። ካልጠፋ አንዱ «ደህና» ውሸት ነበር።

ሌላ መጠንቀቂያ። አንዳንዱ ብልሽት ሲያዩት ይሸሻል። ዝርዝር መልእክት እንዲያወጣ ብታደርጉት ህትመቱ ራሱ ጥቂት ያዘገያል፤ እሽቅድምድሙም አሸናፊ ይቀይራል። «ፒኤም ትሬስ»ም ሲበራ ዕቃዎቹ ጎን ለጎን መሆናቸው ቀርቶ አንድ በአንድ ይተኛሉ። ስለዚህ እሱ ሲበራ ክሽፈቱ ቢጠፋ ተስፋ አትቁረጡ፤ ይህም ማስረጃ ነው። «ፒኤም ኤሲንክ» የሚባለውን ፋይል ወደ 0 ቀይራችሁ ዙሩን ድገሙት። ተራ በተራ ሲሆን የሚድን፣ ጎን ለጎን ሲሆን የሚከሽፍ ከሆነ በዕቃዎቹ መካከል ያልተጻፈ ጥገኝነት አለ። ለድራይቨሩ ጸሐፊ ይህቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ከረጅም ሎግ የበለጠ ትጠቅመዋለች።

ከዚያ ማሳወቅ ነው። ከርነሉ ውስጥ «ሜንቴነርስ» የሚባል ፋይል አለ፤ የትኛው ድራይቨር የማን ኃላፊነት እንደሆነ ይዘረዝራል። ስትጽፉ የሚሠራውን እትም፣ የማይሠራውን እትም፣ ባይሴክት ያገኘውን ለውጥ፣ ሁኔታውንና ከስንት ስንት እንደሚከሽፍ አስቀምጡ። ምንጩ ዝግ የሆነ ድራይቨር ከተጫነ መጀመሪያ እሱን አውጥታችሁ ሞክሩ፤ አለዚያ ብዙዎቹ አያዩላችሁም። የቀረውን ሕጉ ይረዳችኋል፦ ድሮ ይሠራ የነበረ ነገር በአዲስ እትም መበላሸት የለበትም የሚለውን ቶርቫልድስ አጥብቆ ነው የሚይዘው። «ላፕቶፔ አንዳንዴ አይነቃም» ብሎ የጻፈ ሰው ዝም ሊባል ይችላል። «ይህ ለውጥ ሰበረው፣ ሳነሳው ዳነ» ያለን ሰው ግን ዝም ማለት ይከብዳል።

እርማቱ እስኪመጣ መምህርቷ ላፕቶፕ ላይ ያደረግነው ቀላል ነው። በባትሪ ጊዜም የዋይፋይ ካርዱ በግሉ እንዳይተኛ ቲኤልፒ ላይ ከቆጣቢው ዝርዝር አወጣነው። ባትሪው ትንሽ ቶሎ ያልቃል። እሱም የማይበቃው ላፕቶፕ ካጋጠማችሁ፣ ከእንቅልፍ በፊት የካርዱን ሞጁል የሚያወጣ፣ ሲነቃ የሚመልስ አጭር ስክሪፕት ሲስተምዲ (የሊኑክስን አገልግሎቶች የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ሥር ማስቀመጥ ይቻላል። ፎርማት አልተደረገም። ብታስደርገው ኖሮ ያው አዲሱ ከርነል ተመልሶ ይጫን ነበር።